ዝናብ ሲዘንብ፣ መብራት ሲጠፋ

ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር። ዛሬም ድረስ ከአእምሮዬ የማይጠፋው እሱ ነው። ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ስትወጣ የግቢያችን ትንሿ በር በማጠፊያዋ በኩል ተነቅላ፣ በቁልፏ በኩል ተንጠልጥላ አገኘቻት። ሌባው ቁልፉን አልነካውም። ከታች በብረት ፈንቅሎ፣ በሯን ወደ ላይ ብድግ አድርጎ ከማጠፊያዋ አወለቃት። በቃ። ከዚያ በኋላ በሯን ይዟት የቀረው ያ ውድ ጓጉንቸር ብቻ ነው።

ጊዜው ሐምሌ 2014 ዓ.ም ነው። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የሄደው ዕቃ ብዙ አይደለም። የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት ትልልቅ ድስቶች፣ የአባቴ ብስክሌት። ብስክሌቷን ለማያውቃት አሮጌ ብረት ናት። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የሄደው በእሷ ነው። እኔንም ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ በእሷ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

እናቴ ምንም አልሰማችም። አብራት የምትኖረው የእህቴ ልጅም አልሰማችም። ውሻችን ቡቺ አልጮኸም ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ጮሆ የሚሰማው አጥቷል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ሲወርድ ነበር። የሐምሌን ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተኝቶ የሰማ ሰው ያውቀዋል። አጠገብህ ያለው ሰው የሚልህ እንኳ አይሰማህም። በዚያ ላይ መብራት ጠፍቷል።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ነበርኩ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ሞቅ ያለ አልጋ ላይ ተኝቼ።

ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ካሜራ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። መስከረም ላይ አራት ካሜራ፣ ካሜራዎቹ ያዩትን የሚያስቀምጥ አንድ መቅጃ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ የኢንተርኔት ራውተር ገዝቼ ወሰድኩ። ሳምንት ሙሉ ገመድ ስዘረጋ ከረምኩ። አዲስ አበባ ስመለስ እናቴ በረንዳ ላይ በርበሬ ስታሰጣ በስልኬ አያታለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ቤቱን የጠበቅኩ መሰለኝ።

ሌሊት ሌሊት ግን ስልኬ አላስተኛ አለኝ። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ነፍሳት አያጣም። በካሜራው ፊት የሚበረው ትንኝ ሁሉ፣ ካሜራው በጨለማ ለማየት በሚጠቀምበት የኢንፍራሬድ ብርሃን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ካሜራው እንቅስቃሴ አየሁ ብሎ ይጮኻል። ሸረሪቷም ነገሩ ገብቷታል። ሌንሱ ፊት ድሯን አድርታ ነፍሳቱን ትጠብቃለች። ነፋስ ድሩን ባወዛወዘ ቁጥር እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ እነሳለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆኖ ማሳወቂያውን አጠፋሁት። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲህ ነው የሚሞተው። ሳይበላሽ፣ ሰው ሰልችቶት ያጠፋዋል።

ከዚያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት አልተመለሰም። ያ ሁሉ ካሜራ ለእኔ ጥቁር ስክሪን ሆነ።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ በወረቀት ማሰብ የጀመርኩት። ወረቀቱ አናት ላይ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ነው። ያች የሐምሌ ሌሊት እንደገና ብትመጣ ምን ይሆናል? ዝናብ ይዘንባል። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ የለም። እናቴ ተኝታለች። ካሜራው? መብራት ከሌለ የለም። ራውተሩ? የለም። ግቢው ውስጥ ያለው ፓውዛ? የለም። ልገዛው ያሰብኩት ሳይረን? እሱም በመብራት ነው። አራት ጥበቃ ያቆምኩ መስሎኝ ነበር። አራቱም ግን አንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ገመዱ ሲበጠስ አራቱም አብረው ይወድቃሉ። እንደዚህ ከሆነ አራት አይባሉም፤ አንድ ናቸው።

ስለ ድርብርብ ጥበቃ የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ ከርሜ ነበር። አጥር፣ ብርሃን፣ በር፣ አላርም፣ ካሜራ እያለ ይደረድራል። መደርደሩ ልክ ነው። ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በሌላ ምክንያት ቆሞ መቅረት አለበት።

ይህን ሳስብ ጣና ዳር ያለው ዘጌ ትዝ አለኝ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ያውቃል፤ ክብ ናት። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃል ላይ መቅደስ። ወደ ውስጥ በዘለቃችሁ መጠን የሚገባው ሰው እያነሰ ይሄዳል። እርግጥ ይህ ለሥርዓተ አምልኮ የተደረገ ነው፤ ለሌባ ታስቦ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ያለው ነው። የጣና ገዳማት ስንት ዘመን የብራና መጻሕፍትና የነገሥታት ስጦታ ይዘው ቆይተዋል። በደሴቱ ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ፋሲለደስ አጽም አለ። ምን ጠበቃቸው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ አይደለም። ውሃው አለ። በዘጌ የቡና ጫካው አለ፤ እዚያ በጥንት ሥርዓት መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፣ ስለዚህ ጫካው እስካሁን ጫካ ነው። እንግዳ ፊት የሚለይ ሰው አለ። ሌሊት ለማኅሌት የሚቆም አለ። ቁልፍ የሚይዝ ገበዝ አለ። ውሃው ቢጎድል ሰው አለ። ሰው ቢተኛ ቁልፉ አይተኛም።

እንግዲህ ከውጪ ወደ ውስጥ ጀመርኩ።

ልጅ እያለሁ አጥራችን ቅንጭብ ነበር። ቅንጭብን ማንም ደፍሮ አይሰብረውም። ነጭ ወተቱ ዓይን ከገባ መከራ ነው፤ እናቶቻችን ገና ዳዴ ስንል ጀምሮ ያስፈራሩናል። በኋላ አቅም ሲገኝ ቅንጭቡ ተነቅሎ ብሎኬት ቆመ። ሁለት ሜትር፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ። ያኔ ኩራታችን ነበር። አሁን ሳስበው ብሎኬት አንድ ክፉ ነገር አለው። ሌባው አንዴ ዘሎ ከገባ በኋላ ከመንገደኛ ዓይን ይሰውረዋል። የጠርሙስ ስባሪውም ወፍራም ጆንያ ጣል ካደረጉበት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በአጥሩ ውስጠኛ ጥግ ቡጋንቪላ ተከልን። እሾሁ ረጅም ነው፣ አበባው ያምራል፣ መብራት አይፈልግም። ዝናቡ ለሌባ ይመቻል፤ ለቡጋንቪላውም ይመቸዋል።

ስለ በሩ ትንሽ ላውራ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነውና። እኛ አገር የግቢ በር ሲገዛ ሰው የሚያየው ላሜራውንና ቁልፉን ነው። ማጠፊያውን ማንም አያየውም። የእኛ በር የተሰቀለው እንደ ብዙዎቹ ነው። ፍሬሙ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አለ፤ በሩ ላይ ያለው ቱቦ ከላይ ይወርድበታል። ከላይ የወረደ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። በያጁ ከላይኛው ማጠፊያ ራስ ላይ የጣት ያህል ብረት በየደልኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን ማንም ወደ ላይ ሊያነሳው አይችልም። ጓጉንቸሩንም በብረት መቁረጫ እንዳይገኝ ከሦስት ጎን ላሜራ አለበስነው። እጅ ይገባል፣ መቁረጫ አይገባም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ የበራችሁን ማጠፊያ እዩት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

የቤቱ በር ሌላ ነው። ቁልፍ የሚገባበት ክብ ብረት ከበሩ ፊት ወጥቶ የሚታይ ከሆነ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። ከእጀታው ሽፋን ጋር እኩል መሆን አለበት። ውስጡ በጣም የሚያምር ነገር ነው። አንድ አሮጌ ፈትቼ አይቻለሁ። አምስት ትንንሽ የብረት ዘንጎች ከነስፕሪንጋቸው ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሱትና አምስቱም አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ ይዞራል። ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1861 ነው በዚህ መልክ የፈጠራ መብት ያወጣበት። ሐሳቡ ግን ከጥንት ግብፃውያን የእንጨት ቁልፍ ጀምሮ የነበረ ነው።

መስኮቱን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ተጨቃጭቀናል። እኔ ሁሉም መስኮት በፌሮ ይታጠር አልኩ። እሷ ደግሞ፣ «እሳት ቢነሳ በየት ልውጣ ልጄ?» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? ልክ ናት። ሌባ የማያስገባ ብረት እሳት ሲነሳ ሰው አያስወጣም። ስለዚህ የመኝታ ቤቷ መስኮት ብረት እንደ በር የሚከፈት ሆነ። ቁልፉ ከውስጥ፣ እጅ ከመስኮቱ ውጪ ሆኖ በማይደርስበት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅ ዓይኗን ጨፍና እንድትከፍተው አለማምደናታል።

ካሜራውን አልጣልኩትም። ግን በዚያች ሌሊት እንዲሠራ አድርጌ እንደገና አሰብኩት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ካሜራዎቹ ሌሊት እያንዳንዳቸው 5 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ አራቱ 20። መቅጃው 15፣ ራውተሩ 10። ድምሩ 45 ዋት ነው። አንድ የ12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን እስከ ጥግ ከተሟጠጠ ቶሎ ይሞታል፤ ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው የሚሻለው። 600ን ለ45 ስታካፍሉት 13 ሰዓት ይመጣል። መሃል ላይ የሚባክነውን ቀንሱና 11 በሉት። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 መሆኑ ነው። ካሜራውም መቅጃውም በ12 ቮልት ስለሚሠሩ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር አያስፈልግም፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ይበቃል። ሶላር ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የሶላሩን መጠን በጥር ፀሐይ አታስሉት። እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ደመና ነው፤ መብራት የሚጠፋውም ያኔ ነው። በሐምሌ ፀሐይ አስሉት።

መቅጃው ሌባው መጀመሪያ የሚያነሳው ዕቃ ነው። የእኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አራት ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ቀን ከሌሊት ሲቀርጽ አንድ ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ከተፈጠረ ቶሎ ገልብጣችሁ ያዙ።

ፓስወርዱን ደግሞ ዕቃው ሲገዛ እንደመጣ አትተዉት። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ካሜራና መቅጃ የወረረው ምንም ሳይሰብር ነው። ከፋብሪካ የመጡትን የታወቁ ፓስወርዶች እየሞከረ ገባ። በጥቅምት ወር ያን ሁሉ ካሜራ አሰባስቦ ትልልቅ ድረ ገጾችን አንኮታኮተ። የሰዎቹ ካሜራ ግን የባለቤቶቹን በረንዳ ማሳየቱን አላቆመም ነበር። የጠባቂውን ልብስ የለበሰ ሌባ ማለት ይህ ነው።

ካሜራውን የጎረቤት ግቢ እንዳያይ አድርጌ ነው ያዞርኩት። ሰው ልብሱን ሲያሰጣ መቅረጽ ነውር ነው።

አሁን ማን ሰምቶ ይደርሳል የሚለው ቀረ። የሰፈር ጥበቃ አለን፤ በየወሩ እናዋጣለን። ግን ሰውዬው አንድ ነው። በዚያ ዝናብ እሱም ይጠለላል፣ አይፈረድበትም። ቡቺን ከጓሮ ጎጆው አምጥተን በረንዳ ላይ፣ ከእናቴ መስኮት ሥር አደረግነው። በሩ ላይ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሴንሰር አለች። አንዷ ግማሽ በሩ ላይ፣ ሌላዋ ፍሬሙ ላይ ትለጠፋለች። አንዱ ውስጥ ማግኔት ነው ያለው። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፣ ሌላኛው ይህን አውቆ ይጮኻል። በትንሽ ባትሪ ለወራት ትሠራለች። ሸረሪት አታታልላትም።

ጩኸቱ ግን እናቴን ይቀሰቅሳል እንጂ ሌላ ሰው አያመጣም። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ሌሊት ላይ ቀስቅሶ፣ «ሌባ ገብቷል» ብሎ ብቻዋን መተው ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? ይህ ነገር ብዙ ቀን አላስተኛኝም። ድሮ ኡኡ ቢባል ሰፈሩ ይወጣ ነበር። በሐምሌ ዝናብ ግን ኡኡታም አይሰማም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። «ደወሉን ለምን እኔ ቤት አታደርገውም?» አሉኝ። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም! በደረቅ ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ደወሎች ገዛን። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አድርገን በብሎኬቱ ላይ አሻገርነው። መጫኛዋ ከእናቴ አልጋ ራስጌ፣ ደወሉ ከእሳቸው አልጋ ራስጌ። ሁለተኛው ደግሞ ከእሳቸው ወደ እኛ። መብራት አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ዝናቡም አያግደውም፤ የሚጮኸው እዚያው ጆሯቸው ሥር ነውና።

ሐምሌ 2016 ለዕረፍት ሄጄ ሞከርነው። ዝናብና መብራት መጥፋት የተገጣጠሙበትን ሌሊት ጠበቅን፤ ብዙም አላስጠበቀንም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ እናቴ ደወሉን ተጫነች። እኔ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ።

ስድስት ደቂቃ ተኩል ፈጀባቸው። መምህሩ በስብሰው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ የግቢያችንን በር ሲደበድቡ ደረሱ። ደወሉን ወዲያው ሰምተዋል። ግን የራሳቸውን ግቢ ሁለት ጓጉንቸር ለመክፈት በጨለማ ቁልፍ ፈለጉ። ከዚያ አጥሩን ዞረው በመንገዱ መጡ። የእኛም በር ተቆልፏል። ሊከፈትላቸው የሚችለው እናቴ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ ብቻ ነው። ሌባ ግቢ ውስጥ ካለ ማድረግ የሌለባት ደግሞ ይህንኑ ነው።

በረንዳ ላይ ቆመን ተያየን። ሁለት ዓመት ሙሉ የገነባሁት ነገር ሌባውን ያዘገያል። ሊደርስልን የሚመጣውንም ሰው እኩል ያዘገየዋል።

መምህሩ ውሃቸውን እያራገፉ፣ «እዚህ ጋ እኮ መሿለኪያ ነበር» አሉ። በእጃቸው ከማድ ቤታችን ጀርባ ያለውን ብሎኬት እያሳዩ። እናቴም አስታወሰች። ቅንጭብ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ነበር። ቡና የሚጠራሩበት፣ እሳት የሚጫጫሩበት፣ እኔም ስገረፍ የማመልጥበት። ብሎኬቱ ሲሠራ ተደፈነ። ማንም አላሰበበትም። አጥር ስንሠራ ሌባ ብቻ ነበር የታየን።

በማግስቱ ግንበኛ ጠራን። ጓደኞቼ አጥርህን ሰብረህ በር ታወጣለህ ወይ ብለው ተከራክረውኛል። መልሴ አጭር ነው። እኔ የሩቅ ዘመድ ነኝ። ስልኬ ላይ ባየው እንኳ ልደርስላት አልችልም። መምህሩ ይደርሳሉ። በሯ የብረት ናት፣ ጠባብ ናት፣ ማጠፊያዋ ራስ ላይ ብረት ተበይዶበታል። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ እሳቸው ጋ። ነሐሴ ላይ እንደገና ሞከርን። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

በቀደም እናቴ ጋ ስደውል ከጀርባዋ የመምህሩ ባለቤት ድምፅ ይሰማኛል፤ ቡና ጠርታቸው ነው የመጡት። በሯ ስትከፈት ሲጢጥ ትላለች። ግሪስ ይቀባላት እንዴ ብዬ ብጠይቅ እናቴ እምቢ አለች። «ተዋት ትጩኽ» አለችኝ። «በእሷ በኩል ሰው ሲመጣ ተኝቼም ቢሆን እሰማለሁ።»